ጠመንጃን ከካሊፎርኒያ ህግ ጋር ማስማማት፦ ከእጀታው እስከ አፈሙዙ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃ አይፈቀድም የሚል ወሬ ሐበሻው መሃል በደንብ ገብቷል። እውነትም ነው፣ አይደለምም። ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ ካለ ሱቅ እንደተገዛ ምንም ሳትነኩት ይዛችሁ ከገባችሁ ከባድ ወንጀል ነው። ሦስት አራት ዕቃ ቀይራችሁ ከገባችሁ ግን ያው ጠመንጃ፣ ያው በርሜል፣ ያው ጥይት ሆኖ ህጋዊ ነው። ነገሩ ያስቃል። እስሩ ግን አያስቅም።

እኔ ሎስ አንጀለስ የምኖር የመኪና መካኒክ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ጠመንጃ የምይዘው ለኢላማ ተኩስ ነው። መፍታትና መግጠም ለኔ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ የራሴንም የጓደኞቼንም ጠመንጃ ከህጉ ጋር ያስማማሁት በእጄ ነው። ብሎን መፍታቱ ከባድ አይደለም። ዋናው ሥራ የህጉን ቃል አትሞ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና ጠመንጃውን ከጎኑ አድርጎ አንድ በአንድ ማስተያየት ነው። የሱቅ ሻጭ የነገራችሁን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ነው የምትከተሉት።

ህጉ ምን ይላል

ወረቀቱ የካሊፎርኒያ የወንጀል ህግ ቁጥር 30515 ነው። እዚያ ላይ የቃላቱ ትርጉም በደንብ ስለማይገኝ የግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ፣ ርዕስ 11 ቁጥር 5471ንም አብራችሁ አትሙ። ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ።

ህጉ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ጠመንጃው ከፊል አውቶማቲክ ነው ወይ? ማለትም ምላጩን በሳባችሁ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል? ጥይቱስ ሴንተርፋየር፣ ማለት ቂጡ መሃል ላይ ሲመታ የሚተኩስ፣ ነው? ካርታው፣ ማለት ማጋዚኑ፣ ጠመንጃው ሳይፈታ ይወጣል? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ ከሚከተሉት አንዱም ሊኖርበት አይችልም፦ ከስር ጎልቶ የወጣ የሽጉጥ እጀታ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ሰደፍ፣ የሚታጠፍ ወይም የሚሳብ ሰደፍ፣ የቦምብ ወይም የፍሌር (የብርሃን ምልክት) መወንጨፊያ፣ የእሳት ብልጭታ መቀነሻ፣ ከፊት የተገጠመ የሽጉጥ እጀታ። አንድ ብቻ በቂ ነው። አንዷ ከተገኘች ጠመንጃው በህጉ ዓይን "አሶልት ዌፐን" (የተከለከለ የጥቃት መሣሪያ) ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ውጪ ለብቻቸው የቆሙ ሁለት ነገሮች አሉ። ሴንተርፋየር ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ30 ኢንች ካነሰ ክልክል ነው። ካርታው የማይወጣ ሆኖ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ከሆነም እንደዚያው።

እንግዲህ 22 ሎንግ ራይፍል የሚተኩስ ሩገር 10/22 ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ቡናውን ይጠጣ። ጥይቱ ሪምፋየር፣ ማለት ጠርዙ ሲመታ የሚተኩስ፣ ስለሆነ ይህ የቅርጽ ዝርዝር አይመለከተውም። በእጅ የሚቀባበል ቦልት አክሽንም እንዲሁ ነጻ ነው። ሩገር ሚኒ-14ን ደግሞ ተመልከቱ። ኤአር የሚተኩሰውን ያንኑ .223 ጥይት ይተኩሳል፣ ራሱ ያጎርሳል፣ ካርታውም ይወጣል። ግን በተለመደው የእንጨት ሰደፉ ላይ የሽጉጥ እጀታ የለውም። ብልጭታ መቀነሻ እስካልተገጠመበት ድረስ ያልፋል። ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረውም እሱን ነው። መፍቻ ሳያነሳ ከጣጣው ያመልጣል።

ህጉ እንዲህ የተጣጣፈው በአንድ ጊዜ ስላልወጣ ነው። መጀመሪያ በ1989 ስቶክተን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በተከፈተ ተኩስ ሕጻናት ካለቁ በኋላ የጠመንጃ ስም ዝርዝር ወጣ። ፋብሪካዎች ስም ቀይረው ሲሸጡ ከ2000 ጀምሮ የቅርጽ ዝርዝሩ ተጨመረ። ሰዉ ደግሞ ካርታውን በጥይት ጫፍ ወይም በትንሽ መሣሪያ ብቻ እንዲወጣ አደረገና "በመሣሪያ ነው የሚወጣው" አለ። "ቡሌት በተን" የሚባለው እሱ ነው። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ እሱም ተዘጋ። የነበራቸው ሰዎች እስከ ጁን 2018 መጨረሻ እንዲያስመዘግቡ ጊዜ ተሰጣቸውና በሩ ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወዳጃችሁ "ቡሌት በተን አለው፣ ችግር የለውም" ካላችሁ የሚነግራችሁ የድሮ ዜና ነው።

ሌላም ወሬ አለ። "ህጉን እኮ ፍርድ ቤት ሽሮታል" የሚል። በ2021 እና እንደገና በ2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ ህጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወስነዋል። ሁለቱንም ጊዜ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አግዶታል። የታገደ ውሳኔ ለእናንተ ጥይት አይመልስም። መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የፍትሕ መሥሪያ ቤቱን ገጽ ከፍታችሁ ያለበትን ደረጃ እዩ።

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የታችኛው አካል (ሎወር የሚባለው፣ ምላጩና ቁጥሩ ያለበት) ጎን ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። በስም የተከለከሉ ዝርዝሮች አሉ። ለምሳሌ ኮልት ኤአር-15 የሚል ከተጻፈበት እጀታ ብትቀይሩ፣ ሰደፍ ብትቸነክሩ ለውጥ የለውም። ስሙ ራሱ ተከልክሏል። የኤኬ (ክላሽንኮቭ) ዓይነቶችም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ናቸው። ስሙ ከተገኘ ሥራው እዚያው አለቀ፤ ጠመንጃው ካሊፎርኒያ አይገባም። ተከታታይ ቁጥር የሌለው፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ሎውርም ይዛችሁ አትምጡ። የራሱ የሆነ ሌላ ጣጣ አለው።

ሁለት መንገድ አለ

ስሙ ካለፈ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ካርታውን የማይወጣ ማድረግ ነው። ህጉ የማይወጣ የሚለው የጠመንጃው ተኳሽ ክፍል ካልተፈታ በቀር ሊወጣ የማይችለውን ነው። የካርታ መልቀቂያውን በሌላ ትቀይሩታላችሁ። ካርታውን ለማውጣት የኋላውን ስፒና ገፍቶ ላይኛውን አካል ከታችኛው መክፈት ግዴታ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሽጉጥ እጀታውም፣ የሚሳበው ሰደፍም እንዳለ ይቀራል። መልኩ ያማረ ጠመንጃ ይኖራችኋል።

እኔ አልወደውም። ምክንያቱ መልክ አይደለም። ኤአር ላይ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሄዶ ሰደፉ ውስጥ ባለው ቱቦ ይገባል። ሁለት ጥይት ተደራርቦ ሲቀረቀርና መቀርቀሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም ግማሹ አካሉ እዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ያኔ ላይኛው አካል አይከፈትም። አካሉ ካልተከፈተ ካርታው አይወጣም። ካርታው ካልወጣ ጥይቱን ማስለቀቅ መከራ ነው። ጥይት በጉሮሮው የቀረቀረ ጠመንጃ ይዞ ተኩስ ቦታ ላይ መታገል ለማንም አልመኝም። ለዚህ የተሠሩ ማስለቀቂያ መሣሪያዎች አሉ፤ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው አንዷን ቦርሳው ውስጥ ይያዝ።

ሁለተኛው መንገድ ካርታው እንዳለ ሆኖ ስድስቱን ቅርጾች ማውለቅ ነው። "ፊቸርለስ" የሚሉት ይህን ነው። መልኩ ትንሽ አስቀያሚ ይሆናል። ግን እንደ ጠመንጃ ይሠራል። ከዚህ በታች የማወራው ስለሱ ነው።

እጀታው

ከሁሉ በፊት ካርታውን አውጡ። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስባችሁ አስይዙ። ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ አረጋግጡ። ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ ይውጣ። ቀጥሎ ሁለቱን ስፒናዎች ገፍታችሁ ላይኛውን አካል ከታችኛው ለዩ። ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱ አይገናኙም።

ኤአር ላይ የሽጉጥ እጀታው የተያዘው በአንድ ብሎን ብቻ ነው። ብሎኑ ከእጀታው ባዶ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ ረጅም መፍቻ ይፈልጋል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ሎውሩን ገልብጡት፣ እጀታው ወደ ላይ ይሁን። እጀታው ውስጥ አንዲት ቀጭን ሞላ አለች። ሞላዋ የሴፍቲውን ትንሽ ስፒና ትገፋለች። ቀና አድርጋችሁ ከፈታችሁ ሁለቱም ወለል ላይ ናቸው። ምንጣፍ ያለበት ክፍል ከሆነ ደህና ሰንብቱ በሏቸው። ገልብጣችሁ ከፈታችሁ ግን ስፒናዋ በቀዳዳዋ ውስጥ ትቀራለች፣ ሞላዋ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ታነሳላችሁ። በቃ።

አሁን በምን እንተካው? ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በምትተኩሱበት እጅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ቆዳ ከምላጩ ከሚታየው ክፍል የላይኛው ጫፍ በታች ሊያርፍ የሚችል ከሆነ የሽጉጥ እጀታ ነው። ትኩረቱ እጃችሁ የት እንደሚያርፍ ላይ ነው። ገበያው ለዚህ ሁለት መልስ አለው። አንዱ ክንፍ ያለው እጀታ ነው። ተራ የሽጉጥ እጀታ ይመስላል፣ ከኋላው ግን ሰፊ የፕላስቲክ ክንፍ አለው። አውራ ጣታችሁ ዞሮ መጨበጥ አይችልም። ሌላው እጀታና ሰደፍ አንድ ላይ የሆነ፣ እንደ አደን ጠመንጃ ሰደፍ ከላይ ወደ ኋላ የሚወርድ ነው። ክንፉ ርካሽና ለመግጠም ቀላል ነው። ሰደፉ ለእጅ ይመቻል። ብዙ የሚተኩስ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አይቆጭም።

ስትገጥሙ ሞላዋን ወደ አዲሱ እጀታ ቀዳዳ አስገቡ፤ እንዳትጣመም። እጀታውን ወደ ታች ገፍታችሁ ብሎኑን አጥብቁ። ሎውሩ አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ጎማ ብሎን አትታገሉት፣ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ ሴፍቲውን አብሩ፣ አጥፉ። ጠቅ የሚል ድምፅ በሁለቱም በኩል ካልሰማችሁ ሞላዋ ተጣማለች፤ ፈታችሁ እንደገና።

ከዚያ የኔ ፈተና ይመጣል። ሎውሩን ሞርሳ ላይ ደልደል አድርጌ አስራለሁ። ከምላጩ የሚታየው ክፍል የላይኛው ጫፍ ጀምሬ ወደ ኋላ፣ ከሎውሩ የላይኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጌ ቀጭን ቴፕ እለጥፋለሁ። ከዚያ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለውን ቆዳ በነጭ ጠመኔ እቀባና እንደምተኩስ አድርጌ እይዛለሁ። በአንድ አያያዝ አላበቃም፤ ዝቅ አድርጌ፣ አጣምሜ፣ ህጉን ለመጣስ እንደሚፈልግ ሰው እሞክራለሁ። ምክንያቱም የደንቡ ቃል "ሊያርፍ የሚችል" ነው እንጂ "እናንተ የምታሳርፉበት" አይደለም። ጠመኔው ከቴፑ በታች ከታየ እጀታው አይሆንም። "ለካሊፎርኒያ የተሠራ" የሚል ማሸጊያ ያለው እጀታም ይህን ፈተና ይፈተን። የሚከሰሰው ፋብሪካው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

አንድ ምክር ልጨምር። ክንፍ ባለው እጀታ አውራ ጣታችሁ ወደ ግራ ማለፍ ስለማይችል የግራውን ሴፍቲ አይደርስበትም። ቀኝ እጅ የምትጠቀሙ ከሆነ በሁለቱም በኩል መጫኛ ያለው ሴፍቲ ግጠሙ። አውራ ጣት ቀኝ በኩል ቀጥ ብላ ተኝታ ሴፍቲውን እዚያው ትነካዋለች። እጀታውን ስትፈቱ አብራችሁ ከቀየራችሁት ሥራው አንድ ነው።

ሰደፉ

የሚሳበው ሰደፍ ወይ በማይሳብ ይቀየራል፣ ወይ ባለበት ይቸነከራል። የማይሳብ ሰደፍ ስትገዙ ምን ዓይነት ቱቦ እንዳላችሁ እዩ። የአጭሩ ጠመንጃ ቱቦና የረጅሙ ቱቦ ይለያያሉ። ለምሳሌ ማግፑል በአጭሩ ቱቦ ላይ ልክ የሚገባ የማይሳብ ሰደፍ አለው። እሱን ከገዛችሁ ቱቦውን፣ ውስጡ ያለውን ሞላና የብረት ክብደት መንካት አያስፈልግም። የድሮውን የወታደር ሰደፍ ከመረጣችሁ ግን ቱቦውም፣ ሞላውም፣ ክብደቱም አብሮ ይቀየራል።

ባለበት ልቸንክር የሚል ሰው መጀመሪያ ልኩን ያግኝ። እንደምትተኩሱ ቆማችሁ ትከሻችሁ ላይ አሳርፉት። ደረት ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ነው የምትተኩሱት ወይስ በቲሸርት? ልዩነቱ አንድ ቀዳዳ ያህል ነው። ልኩን ካገኛችሁ በኋላ ማስተካከያውን መጫን እንዳይቻል በብረት ስፒና ዝጉት። በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በቴፕ የታሰረ ሰደፍ አየሁ፤ ይሄ ቀልድ ነው። መቀስ ያለው ሁሉ የሚፈታው ነገር "የማይሳብ" አይባልም።

ርዝመቱንም ለኩ። ባለ 16 ኢንች በርሜል ኤአር ብዙውን ጊዜ ከ30 ኢንች ያልፋል። ቡልፐፕ የሚባሉት፣ ካርታቸው ከምላጩ ኋላ የሆኑት፣ ናቸው ጣጣ ያለባቸው። ስትለኩ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ጫፍ ከበርሜሉ ጋር ትይዩ ለኩ። አፈሙዙ ላይ በብሎን ብቻ የተገጠመ ዕቃ አይቆጠርም። በርሜሉ ራሱ ከ16 ኢንች በታች መሆን የለበትም፤ ይሄ የፌዴራልም ህግ ነው።

አፈሙዙ

ብዙ ኤአር ከፋብሪካ ሲወጣ አፈሙዙ ላይ የወፍ ጎጆ የምትመስል፣ ጎን ለጎን የተሰነጠቀች ትንሽ ብረት አለች። እሷ ብልጭታ መቀነሻ ናት፤ ትወጣለች። ላይኛውን አካል ለዚሁ በተሠራ መያዣ ሞርሳ ላይ እሰሩ። ባዶውን አሉሚኒየም ሞርሳ ውስጥ ካጠበቃችሁት ተሰነጠቀ። በ3/4 ኢንች መፍቻ ወደ ግራ ፍቱ። ከስሯ ያለችውን ሮንዴላም አውጡ።

ቦታዋን በምን ትተካላችሁ? ካሊፎርኒያ ጠመንጃ ላይ የብሎን ጥርስ ያለው አፈሙዝ አይከለክልም። ስለዚህ ጥርሱን የሚሸፍን ተራ ቆብ ይበቃል። ለ.223 እና ለ5.56 በርሜል የተለመደው የጥርስ ልክ 1/2-28 ነው። የእርግጫ መቀነሻ (ብሬክ) የሚገጥሙም አሉ፤ ይቻላል። ግን ድምፁን ወደ ጎን ስለሚወረውረው ተኩስ ቦታ ላይ ከጎናችሁ ያለው ሰው ይረግማችኋል። .223 ጥይት ደግሞ እርግጫው ቀላል ስለሆነ ብሬክ ይህን ያህል አያስፈልገውም።

ብሬክ ከገዛችሁ ግን ማስታወቂያውን ሳይቀር አንብቡ። ደንቡ ሁለት ሥራ ያለውን ዕቃም ይይዛል። ሻጩ "ብልጭታም ይቀንሳል" ብሎ ካስተዋወቀው ስሙ ብሬክ ቢሆንም ለህጉ ብልጭታ መቀነሻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያ ወንጀለኛ ታደርጋለች።

የቀረው ቀላል ነው። ከፊት ያለውን ቀጥ ያለ እጀታ አውልቁ። ባለ ሁለት እግር መደገፊያ ችግር የለውም። ካርታችሁ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አይሁን። ባለ 30ውን ፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ ማስገባትም አያዋጣም፤ መለዋወጫው ራሱ ተከልክሏል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ ላይኛውንና ታችኛውን አገናኙ። ካርታው ከማይወጣ ጠመንጃ ወደ ፊቸርለስ የምትሸጋገሩ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ እጀታው፣ ሰደፉና አፈሙዙ ይስተካከሉ። የካርታው ማሰሪያ የሚወልቀው በመጨረሻ ነው። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ መሃል ላይ ያለችው ሰዓት ህገወጥ ናት። ያወለቃችኋቸውን ዕቃዎች ከጠመንጃው ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዙ። የታተመውን ህግ ግን ቦርሳው ውስጥ ክተቱት፤ የዕቃ ደረሰኝም አብራችሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል

የአክስቴ ልጅ ቴክሳስ ነበር። ሥራ ሳን ሆዜ አገኘና ደወለ። "ጋሼ፣ ጠመንጃዬን ይዤ ልምጣና እዚያ እንሠራዋለን" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ህጉ የሚቀጣው መያዝን ብቻ አይደለም። አሶልት ዌፐን ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባት ለብቻው ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ 4፣ 6 ወይም 8 ዓመት እስራት። ድንበሩን ስትሻገሩ ጠመንጃው ቀድሞ ተስተካክሎ መሆን አለበት። ዳላስ ሆኖ ሥራውን በቪዲዮ እያሳየሁት ጨረሰ። ባለ 30 ካርታዎቹን እዚያው ሸጠ። "ለመታሰቢያ አንዷን ብቻ" ብሎ ሲለምነኝ ስልኩን ልዘጋበት ነበር።

እሱ ላይ የጮህኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ግሪን ካርድ ነው ያለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ህግ በጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይችልም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በኢሚግሬሽን ህጉ የጦር መሣሪያ ህግ በመጣስ የሚተላለፍ ፍርድ ራሱን የቻለ ከአገር የማስወጫ ምክንያት ነው። ዜጋ የሆነ ጎረቤታችሁ ጠበቃ ቀጥሮ በቅጣት የሚገላገለው ነገር እናንተን ቦሌ ሊያወርዳችሁ ይችላል። ከማንኛውም ክስ በኋላ "ጥፋተኛ ነኝ" ከማለታችሁ በፊት የወንጀል ጠበቃው ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይይላችሁ።

ካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆኖ የገባ ሰው በ60 ቀን ውስጥ መሣሪያውን ለግዛቱ ማሳወቅ አለበት። ቅጹ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፤ ክፍያው 19 ዶላር ነው። የአክስቴ ልጅ ሳጥኖቹን ሳይፈታ እንዲሞላው አደረግኩት።

ሌላ ግዛት ያላችሁ

ከላይ ያለው ለካሊፎርኒያ ብቻ ነው። ቃል በቃል ወደ ሌላ ግዛት ወስዳችሁ እንዳትጠቀሙበት። ኒው ዮርክ በ2013 ያወጣው ህግ ይበልጥ ጥብቅ ነው። እዚያ ብሬክም፣ ለዚህ የተሠራ ጥርስ ያለው አፈሙዝም፣ የሳንጃ ማሰሪያም ተቆጥረዋል። እኔ እዚህ ቆብ የገጠምኩበት አፈሙዝ እዚያ ያሳስራል። ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለመግዛትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢሊኖይና ዋሽንግተን ግዛት በ2023 የራሳቸውን ህግ አውጥተዋል፤ ሲያትል ያላችሁ ሽያጩም ወደ ግዛቱ ማስገባቱም እንደተከለከለ እወቁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐበሻ ደግሞ ሌላ ዓለም ላይ ነው። የሜሪላንድ የቅርጽ ዝርዝር ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የቦምብ ወይም የፍሌር መወንጨፊያ፣ ብልጭታ መቀነሻ። ካርታው የሚወጣ ጠመንጃ ከሦስቱ ሁለቱ ሲኖሩት ነው የሚከለከለው። የሽጉጥ እጀታ እዚያ አይቆጠርም። እዚያ ጣጣው ያለው የስም ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ኤአር የሚገዛ ሰው ከባድ በርሜል ያለውን፣ ኤች-ባር የሚባለውን ነው የሚፈልገው።

በመኪና ግዛት አቋርጣችሁ የምትጓዙ ከሆነ በ1986 የወጣ የፌዴራል ህግ መንገደኛን ይጠብቃል። ግን የተነሳችሁበትም የምትደርሱበትም ቦታ ጠመንጃው ህጋዊ መሆን አለበት። ጥይት አይጎርስ፣ ጠመንጃውም ጥይቱም ከተቀመጣችሁበት የማይደረስበት ቦታ ይሁን። ለብቻው የተዘጋ የዕቃ መጫኛ የሌለው መኪና ከሆነ የተቆለፈ ሳጥን ያስፈልጋል፤ የመኪናው ኪስ አይቆጠርም። መንገድ ላይ ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ልረፍ ካላችሁ መንገደኛነታችሁ አጠያያቂ ይሆናል። ስለዚህ ያ ግዛት ጥብቅ ከሆነ ጠመንጃውን ቤት ትታችሁ ሂዱ።